የጀግና ጉድለት፦ ከአቴና መድረክ እስከ መቅደላ

በተፍኪ ከተማ ለሕዝብ የቀረበ የትምህርት ንግግር



በዚህ አገር ሰው ሲገደል ምን እንደሚከተል ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። የገዳይ ወገን ቤቱን ጥሎ ይሸሻል። የሟች ወንድም ደመኛ ይሆናል። ለቅሶው ላይ አልቃሿ የሟቹን ቁመናና ደግነት ስታነሣ ቆይታ ወደ ወንድሙ ዞር ትልና አንዲት ስንኝ ትጥላለች፤ ያቺ ስንኝ ሰውየውን በሄደበት ሁሉ ትከተለዋለች። ከዚያ ሽማግሌዎችና አባ ገዳዎች መሀል ይገባሉ፤ የጉማ ሥርዓት ይጀመራል። ይመላለሳሉ፣ ይለምናሉ፣ ደጅ ይጠናሉ። እሺ እስኪባሉ ስንት ቀን ፊት ይነሣቸዋል። በመጨረሻ ካሳው ይቆረጣል፣ በግ ይታረዳል፣ ሁለቱ ወገኖች ከአንድ ማዕድ እንዲቀምሱ ይደረጋል።

ሽማግሌዎቹ ይህን ያህል የሚደክሙት ለምንድን ነው? ወንድምየው የሚፈልገው ክፉ ነገር ብቻ ቢሆን ኖሮ ገሥጾ መመለስ በቂ ነበር። የሚያደክማቸው ወንድምየው እውነት ያለው መሆኑ ነው። የወንድሙ ደም አደራ ነው፤ አደራውን ከበላ በሰው ፊት ቀና ብሎ አይሄድም፣ እናቱንም ዐይኗን አያያትም። በሌላ በኩል መግደል ኃጢአት ነው፤ ሌላ ቤት ማፍረስ፣ ሌላ ሕፃን ያለ አባት ማስቀረት ነው። ሁለቱም ግዴታዎች እውነተኞች ናቸው፤ አንዱን የፈጸመ ግን ሌላውን ማፍረሱ አይቀርም። ትራጀዲ የምንለው ተውኔት የሚነሣው ከዚህ ነው። ንግግሬን ከጉማ የጀመርኩትም ትራጀዲ ከሩቅ አገር የመጣ፣ የተማረ ሰው ብቻ የሚገባው ነገር እንዳይመስላችሁ ነው። ፍሬ ነገሩን ታውቁታላችሁ።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ458 ዓመት ኤስኪለስ የተባለ የአቴና ጸሐፌ ተውኔት ይህንኑ የደም ጉዳይ በሦስት ተከታታይ ተውኔቶች ለከተማው ሕዝብ አሳየ። ሥራው በጠቅላላ ስሙ ኦሬስቲያ ይባላል። ንጉሥ አጋሜምኖን ወደ ትሮይ ሊዘምት መርከቦቹን አሰልፎ ሳለ ነፋስ በተቃራኒ ይነፍስበታል። ነፋሱን ለማስቆም የገዛ ልጁን መሥዋዕት ያደርጋል። ከዐሥር ዓመት ጦርነት በኋላ ድል አድርጎ ሲመለስ የልጅቷ እናት ሚስቱ ክሊቴምኔስትራ ትገድለዋለች። አሁን የአባቱን ደም መመለስ የልጁ የኦሬስቴስ ዕዳ ሆነ፤ ገዳይዋ ግን እናቱ ናት። ይገድላታል። ወዲያው የእናትን ደም የሚበቀሉ አስፈሪ መናፍስት ያሳድዱታል። እዚህ ውስጥ ጥፋት ያልሠራ ሰው የለም፤ ምክንያት የሌለውም ሰው የለም።

መጨረሻውን ልብ በሉልኝ። ጉዳዩ በአቴና ለተሰየሙ ዳኞች ይቀርባል፤ የዳኞቹ ድምፅ እኩል ለእኩል ይሆናል፤ አቴና የተባለችው አምላክ ድምጿን ሰጥታ ኦሬስቴስን ነፃ ታወጣለች። ኤስኪለስ እዚያ ላይ ሊያቆም ይችል ነበር፤ አላቆመም። የተሸነፉት የደም መናፍስት ተቆጥተው አገሩን ሊያጠፉ ይነሣሉ። አቴና ታግባባቸዋለች፣ ትለምናቸዋለች፣ እንደኛ ሽማግሌ ደጅ ትጠናለች፤ በከተማው ሥር ማደሪያና ክብር ተሰጥቷቸው ይረጋጋሉ። የሟች ወገን ከብት ተቆጥሮለት ብቻ ቁጣው አይበርድም፤ ክብሩ በአደባባይ መመለስ አለበት። ጉማን ያቆሙ አባቶች ይህን ያውቁ ነበር፤ ኤስኪለስም ያውቅ ነበር።

ኦሬስቲያ ከታየ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ፈላስፋው አሪስቶትል ትራጀዲ ልባችንን እንዴት እንደሚይዘው መረመረ። ፍጹም ጻድቅ ሰው ያለ ጥፋቱ ሲወድቅ ብናይ ነገሩ ያስጸይፈናል። ክፉ ሰው ሲወድቅ ደግሞ እሰይ ብለን ወደ ቤታችን እንሄዳለን። የምናዝንለትና የምንፈራለት በመካከል ያለው ሰው ነው፤ ከእኛ እጅግ ያልራቀ፣ ከክፋት ሳይሆን ከአንድ ከባድ ስሕተት የተነሣ የሚወድቅ። እናዝናለን፣ ያ ሁሉ አይገባውም ነበርና። እንፈራለን፣ በእሱ ቦታ ብንሆን እኛም ያንኑ እናደርግ ነበርና።

ይህን ሐሳብ በአማርኛ መድረክ ላይ በሥጋና በደም ካሳዩን ሰዎች ቀዳሚው ጸጋዬ ገብረ መድኅን ነው። የተወለደው ከዚህ ሩቅ አይደለም፤ በቡራዩ በኩል የሚወጣው መንገድ በሚያደርሳችሁ በአምቦ አቅራቢያ፣ ቦዳ በሚባል ቦታ ነው። ገና የአምቦ ተማሪ ሳለ ስለ ንጉሥ ዲዮኒስዮስና ስለ ሁለት ወንድማማቾች ተውኔት ጽፎ አፄ ኃይለ ሥላሴ በተገኙበት ታይቶለታል። በኋላ ኦቴሎን፣ ሐምሌትን፣ ማክቤዝንና ንጉሥ ሊርን ከሼክስፒር ወደ አማርኛ መልሷል።

ከእነዚህ ኦቴሎ ላይ ትንሽ ልቆይ። ተማሪዎች ስለ ኦቴሎ ሲጠየቁ «ቅናት» ብለው መልሰው ማርካቸውን ይወስዳሉ። ይህ መልስ አያረካኝም። ኦቴሎ በሰው አገር፣ በቬኒስ፣ በጀግንነቱ ብቻ የከበረ ጥቁር ጄኔራል ነው። ለሚስቱ ለዴስዴሞና የሰጣት አንድ ጥልፍ መሐረብ አለ፤ የእናቱ ነበር። አንድ ቀን ራሴን አሞኛል ሲላት በዚያ መሐረብ ልታስርለት ትሞክራለች፤ እሱ ይገፋዋል፤ መሐረቡ ይወድቃል። ሁለቱም ትተውት ይሄዳሉ። ኦቴሎ የሚያምነው፣ በስውር ግን የሚያታልለው መኮንን ኢያጎ ነው፤ የኢያጎ ሚስት ኤሚልያ ታነሣዋለች፣ ለባሏ ትሰጣለች፣ ኢያጎ በሌላው መኮንን በካሲዮ ክፍል ይጥለዋል። ኦቴሎ መሐረቡን በሰው እጅ ባየ ጊዜ ነገሩ አለቀ። አንዲት ንጹሕ ሴት በዚህች ጨርቅ ምክንያት ታንቃ ትሞታለች።

ብልኅ የጦር አዛዥ እንዴት በአንድ መሐረብ ይታለላል? እኔ የሚታየኝ እንዲህ ነው። ኦቴሎ ዕድሜውን የኖረው በጦር ሜዳ ነው። እዚያ የሚጠራጠርና የሚያመነታ አዛዥ ወታደሩን ያስፈጃል፤ ምልክት አይቶ ወዲያው የሚቆርጥ ያሸንፋል። አብሮት የተዋጋውን ባልንጀራ ደግሞ እንደ ራሱ ያምናል፤ ነፍሱ በእሱ እጅ ናትና። ፈጥኖ መቁረጥና ባልንጀራን ማመን፤ ኦቴሎን ጄኔራል ያደረጉት እነዚህ ሁለት ናቸው። ሁለቱንም ይዞ ከሜዳ ወደ መኝታ ቤት ገባ። ያከበረው ባሕርይ ገዳይ ሆነ። የጀግናን ጉድለት ከመልካምነቱ ጎን የተለጠፈ ሌላ ነገር አድርገን ስንፈልግ የማናገኘው ለዚህ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ጉድለቱና መልካምነቱ ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው።

የሁለት እውነቶች ግጭት ጥርት ብሎ የሚታየው ግን በሶፎክልስ አንቲጎኔ ነው። ሁለት ወንድማማቾች ቴብስ በምትባል ከተማ በር ላይ ይዋጋሉ፤ አንዱ ከተማውን ሲከላከል፣ ሌላው የባዕድ ጦር ይዞ ሲመጣ ተገዳድለው ይሞታሉ። አዲሱ ገዥ ክሬዮን ተከላካዩ በክብር ይቀበር፣ ከሐዲው ሜዳ ላይ ይቅር፣ የቀበረው ይሙት ብሎ ያውጃል። እኅታቸው አንቲጎኔ ወጥታ በወንድሟ ሬሳ ላይ ዐፈር ትበትናለች።

እድር ለሚያውቅ ሕዝብ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። የሰው ሬሳ ሳይቀበር ማደሩን የሚችል አንጀት በመካከላችን የለም። ይህ ተውኔት ለእኛ ተረት ያልሆነበት ጊዜም ነበር። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ዘመን የተገደሉ ወጣቶች ሬሳ ጽሑፍ ተለጥፎበት መንገድ ላይ ተጥሎ ይውል ነበር። ስንት እናት ልጇን እንዳትቀብር፣ ጥቁር እንዳትለብስ፣ ድምፅ አውጥታ እንዳታለቅስ ተከልክላለች። ዛሬም መስቀል አደባባይ አጠገብ ባለው የሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም የሚታየው አፅም የዚያ ዘመን ነው። በእያንዳንዱ በዚያ ዘመን በተዘጋ ቤት ውስጥ አንዲት አንቲጎኔ ነበረች።

ስለዚህ ልባችን ከአንቲጎኔ ጋር ነው፤ የእኔም ከእሷ ጋር ነው። ሆኖም ሶፎክልስ ክሬዮንን አረመኔ አድርጎ አልቀረጸውም። ከተማዋ ከጥፋት የተረፈችው ትናንት ነው። የተከላካዮቹ እናቶች ገና እያለቀሱ ነው። ከተማዋን ሊያቃጥል የመጣው ከሞተላት እኩል ቢቀበር ለሞተላት ምን ተረፈው ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ አይደለም። ጥፋቱ የሕግን እውነት ይዞ ሌላ እውነት የለም ማለቱ ነው፤ ልጁ ሲመክረው አይሰማም፣ ነቢዩ ሲመክረው ገንዘብ በልተሃል ይለዋል። በመጨረሻ ይደነግጣል፣ ይጸጸታል፣ ለማስተካከል ይሮጣል። እዚህ ላይ ሶፎክልስ አንድ ትንሽ ነገር አስገብቷል፤ ክሬዮን መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ሬሳው ነው። አጥቦ፣ አቃጥሎ፣ ጉብታ ሠርቶለት፣ ከዚያ በኋላ ነው በቅጣት በሕይወቷ ዋሻ ወደተዘጋባት ወደ አንቲጎኔ የሚሄደው። ሲደርስ ራሷን ሰቅላለች። ቅደም ተከተሉን ቢያገላብጠው ኖሮ ልጅቷም፣ እጮኛዋ የሆነው የገዛ ልጁም፣ ሚስቱም ባልሞቱ ነበር። ሲጸጸት እንኳ የቀደመው ሥርዓት ነው፤ ሰው ተከትሎ መጣ።

አሁን ወደ ቤታችን ልግባ። በኢትዮጵያ መድረክ ላይ ደጋግሞ የተነሣው የትራጀዲ ሰው አፄ ቴዎድሮስ ናቸው። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት ጽፎላቸዋል፣ ጸጋዬም ጽፎላቸዋል። በየትምህርት ቤቱ የሚሠራው አጫጭር ድራማ ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ትዕይንት ብቻ ያውቃል፦ መቅደላ፣ ሽጉጡ፣ ጭብጨባ። እኔ የምለው በዚህ መንገድ ንጉሡን እየበደልናቸው ነው።

ሙሉውን ሰው እንይ። ካሳ ኃይሉ በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ነገሡ። በየመሳፍንቱ የተከፋፈለ አገር አንድ ለማድረግ ተነሡ። «አይቻልም» የሚል ቃል አይቀበሉም ነበር። በጋፋት የውጭ አገር ሰዎችን ይዘው መድፍ አሠሩ። ሰባት ቶን ገደማ ይመዝናል የሚባለውን ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ ለማድረስ ገደል አስቆርጠው መንገድ አወጡ፤ ወራት በፈጀው በዚያ ጉዞ ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር። ልብ በሉ፤ ንጉሥ ነው ድንጋይ የሚሸከመው። ይህን የሚያደርግ ሰው እንዴት አይወደድ?

ያው ልብ ነው ለንግሥት ቪክቶሪያ በ1855 ዓ.ም. የጻፉት ደብዳቤ መልስ ሲያጣ ንቀቱን መሸከም ያልቻለው። የእንግሊዝን ቆንስል አሰሩ፣ መልእክተኞችን አሰሩ። ከካህናቱ ጋር በቤተ ክርስቲያን መሬት የተነሣው ክርክር ወደ ጠብ ሄደ። በጥያቄው ንጉሡ እውነት ነበራቸው፤ ወታደር በቀለብ ካላደረ ገበሬ መዘረፉ አይቀርም፣ ቀለቡ ደግሞ ከመሬት ነው። ካህናቱም በበኩላቸው ከአባቶች የተረከቡት አደራ ነበራቸው። ንጉሡ እንደ ሽማግሌ ደጅ መጥናት አይችሉበትም፤ መንገድ መቁረጥ ነው የሚያውቁት። ባለቤታቸው ተዋበች ዐርፈዋል፤ የሚወዱት እንግሊዛዊው ዮሐንስ ቤል ሞቷል። ተው የሚላቸው ሰው አልቀረም።

የሰሙነ ሕማማቱ ሐሙስ፣ ሚያዝያ 2 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ ቴዎድሮስ ብዙ ኢትዮጵያውያን እስረኞችን ከገደል አስጣሉ። በማግሥቱ፣ በስቅለት ዓርብ፣ ጦራቸው አሮጌ በሚባል ቦታ፣ የታሰሩትን አውሮፓውያን ሊያስፈታ በመጣው በእንግሊዝ ጦር መሣሪያ አለቀ። ከዚያ ለጦር አዛዡ ለናፒየር ደብዳቤ አስጻፉ፤ ሕዝባቸውን ሥርዓት ለማስያዝ መድከማቸውንና አለመቻላቸውን፣ የልባቸውን ሐሳብና ቁጭት አፈሰሱበት። ይህ ደብዳቤ ለአንድ ጸሐፌ ተውኔት ከሽጉጡ የበለጠ ሀብት ነው፤ ሰውየው ራሱን ሊያይ ጥቂት ሲቀረው ነውና።

በፋሲካ ዕለት ደግሞ አንድ ሺህ ላምና አምስት መቶ በግ ለእንግሊዞች ላኩ። ይህን በተፍኪ ለተሰበሰበ ሰው አላስረዳም። ከብት ተልኮ ከተቀበሉት ዕርቅ ወርዷል። ንጉሡ ስጦታው ተቀባይነት ማግኘቱን ሰሙ፤ ደስ አላቸው፤ የቀሩትን የአውሮፓ ሰዎችም ለቀቁ። ኋላ ከብቶቹ እንዳልተወሰዱ ታወቀ። በዚያች ቅጽበት ቴዎድሮስ የገባቸውን ነገር አስቡት፤ እስረኞቹ ሄደዋል፣ ዕርቅ የለም፣ ነገ ጦሩ ይወጣል። በመድረክ ላይ አንድ ተዋናይ ቃል ሳይናገር ይህን መልእክት ሲቀበል ባይ እመኛለሁ። በማግሥቱ ሰኞ፣ ሚያዝያ 6፣ ከንግሥቲቱ በተበረከተላቸው ሽጉጥ ራሳቸውን ገደሉ።

የሰኞውን ሽጉጥ እናሳያለን፤ የሐሙሱን ገደል እንዘልለዋለን። ሐሙስን ከዘለልን ግን ሰኞ ትርጉሙ ይጎድላል። ከገደሉ የተጣሉትም የዚህ አገር ልጆች ናቸው፤ እናት ነበራቸው። ድንጋይ የተሸከመውና እስረኛ ከገደል ያስጣለው አንድ ሰው መሆኑን የሚያሳይ ተውኔት ተመልካቹን ያስለቅሰዋል። አንዱን ብቻ የሚያሳይ ተውኔት ያስጨበጭበዋል፤ ነገ ደግሞ ይረሳዋል።

«ልጆቻችን የጀግኖቻችንን ነውር አይተው ንቀት ያድርባቸዋል» የሚሉ አሉ፤ ከቅን ልብ የመጣ ስጋት ነው፣ አከብረዋለሁ። መልሴ በአቡነ ጴጥሮስ በኩል ነው። ጳጳሱ ከሰላሌ ከአርበኞቹ ጋር ወጥተው፣ አዲስ አበባን ለማስለቀቅ የተደረገው ዘመቻ ሲከሽፍ በጣሊያን እጅ ወደቁ፤ አርበኞችን እንዲያወግዙ ተጠይቀው እምቢ ብለው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአደባባይ ተረሸኑ። ጸጋዬ የተወለደው ከዚያ ሃያ ቀን ሳይሞላ፣ በነሐሴ 11 ነው። ካደገ በኋላ «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት»ን ሲጽፍ ሞትን የማይፈራ የድንጋይ ሐውልት አላቆመልንም። ጳጳሱ ለእመቤታችን ሮሮ ያሰማሉ፤ ከገዛ እምነታቸው ጋር ይታገላሉ። ይህን አይቶ አቡነ ጴጥሮስን የናቀ አንድ ኢትዮጵያዊ አምጡልኝ። ፍርሃቱን ስላየን ነው እምቢታው ስንት እንዳስከፈለ የገባን።

በዚያው ታሪክ ውስጥ ገና ያልተነካ ሌላ ትራጀዲ ተቀምጧል። ዘመቻውን ከመሩት አንዱ የራስ ካሳ ልጅ ደጃዝማች አበራ ካሳ ነበሩ። ክረምት ነበር፤ ወንዙ ሲሞላ መንገድ እንደሚቆረጥ አዋሽ የሚያጥለቀልቀው የበቾ ሰው ያውቀዋል፤ ከየአቅጣጫው የመጡት ኃይሎች በአንድነት መምታት አልቻሉም። አበራና ወንድማቸው አስፋወሰን ወደ ሰላሌ ተመለሱ። ጣሊያን ተከታተላቸው። በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ራስ ኃይሉ በመካከል ሆነው ነፍሳቸው እንደማይነካ ቃል ተሰጣቸው። ወንድማማቾቹ እጃቸውን ሰጡ፤ ፍቼ ላይ ተገደሉ። ፍቼ ከሱሉልታ በሚቀጥለው መንገድ ላይ ናት።

እጅ ከመስጠታቸው በፊት የነበረውን ሌሊት ለተውኔት አስቡት። በአንድ ወገን የተራበና የደከመ ሠራዊት አለ፤ በባላገሩ ጎጆ ላይ እሳት አለ፤ «የእኔ እምቢታ የስንት ሰው ቤት ያቃጥላል?» የሚል ጥያቄ አለ። በሌላ ወገን መሐላ አለ፤ የተረሸነው ጳጳስ አለ፤ የጠላት ቃል ምን ያህል እንደሚጸና የሚጠራጠር ልብ አለ። ማመናቸው ጥፋት ነበር? የመኳንንት ልጅ ቃል ሲሰጠው ቃሉን ማመን ያደገበት ክብሩ ነው፤ የወደቁትም በዚያው ነው። ኦቴሎን የምታስታውሱ ወዴት እንደምሄድ ይገባችኋል።

ከሰበታ፣ ከቡራዩ፣ ከሱሉልታ ወይም ከዚሁ ከተፍኪ ይህን ለመጻፍ የሚነሣ ወጣት ካለ፣ በአማርኛም ይሁን በኦሮምኛ፣ አንድ የሥራ ምክር አለኝ። በመጀመሪያው ገቢር «እጅ ሰጥተን እንግባ» የሚል አንድ ሰው፣ «አንገባም» የሚል አንድ ሰው አቁም። አንተ ከማን ጋር እንደሆንክ ለራስህ ወስን። ከዚያ የራስህን ወገን ከመጻፍህ በፊት የማትስማማበትን ሰው ቃለ ተውኔት ጻፍ፤ ያንተ ወገን መልስ እስኪያጣ ድረስ አጠንክረህ ጻፍለት። ሲያልቅ ለሁለት ተዋናዮች ሰጥተህ ሽማግሌዎች ባሉበት አስነብበው፤ አንድ ሽማግሌ ከተቀመጡበት ተነሥተው በመሀል ካልገቡ ንግግሩን እንደገና ጻፈው።